ከሐይቁ ማዶ የሚጣራ

"ስሙን ሳይሆን 'ቀርፋፋ' ብለው ይምቱልኝ፤ ባይሰማኝም ይውጣልኝ" አለች ቢራዋን የያዘችው ወጣት።

ማርሊስ ሳቀችና በአጭርና በረጅም ምት ቃል የሚላክበትን የሞርስ መምቻ ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት። "የራስሽን ባል ራስሽ ስደቢ እንጂ።"

"የቀድሞ ባሌን!"

"እንግዲያው ጠንከር አድርገሽ ምቺ።"

ከኋላ የተሰለፉት በሳቅ አውካኩ። ወደብ ላይ በቆመችው አሮጌ የማዕድን ጫኝ መርከብ ላይ የአዋቂዎች የሳይንስ ምሽት ነው፤ ልጅ ይዞ መግባት ክልክል፣ መጠጥ ይዞ መዞር የተፈቀደ። በወጥ ቤቱ አንዲት ተመራማሪ ደም መጣጭ ዓሣ ክንዷ ላይ አጣብቃ በማይክራፎን ታስረዳለች። የላይኛው የሬዲዮ ክፍል ደግሞ እንደ ማርሊስ ላሉ የሬዲዮ ወዳጆች ተሰጥቷል።

ማርሊስ በየመሀሉ በሩን ታያለች።

"ሽማግሌ በገባ ቁጥር አንገትሽ ሊቀጭ ነው" አለ ኦርቪል፣ በክበቡ ውስጥ አብሯት ያረጀው ጓደኛዋ። "ሽቶሽ ደግሞ! ያ ዓሣ እንኳ ሳይሸተው አልቀረም።"

"አንተ ሥራህን ሥራ።"

"መልኩን ሳታውቂ በምን ልትለዪው ነው?"

"እሱ ይለየኛል። ሬዲዮ አጠገብ የተቀመጠች አሮጊት እኔ ብቻ ነኝ።"

የምትጠብቀው ታውኖ የሚኖረው ከሐይቁ ማዶ፣ ማርኬት በምትባል ከተማ ነው። ሁለቱም የትዳር ጓደኛቸውን ከቀበሩ በኋላ ለዓመታት ሐሙስ ሐሙስ ማታ በሞርስ ሲጫወቱ ኖረዋል። ድምፁን ሰምታው አታውቅም፤ የምቱን ስልት ግን ከሺህ ሰው ትለየዋለች። የመጨረሻዋን ረጅም ምት፣ ነገሩ እንዳያልቅበት እንደሚሳሳ ሰው ይጎትታታል። ስለ ቲማቲሙ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ሐይቁ በረዶ ይነግራታል፤ እሷም ሬዲዮውን ካጠፋች በኋላ ብዙ ቆይታ ነው ከወንበሯ የምትነሣው። ባለፈው ሐሙስ "ለሳይንሱ ምሽት ለምን አትመጣም?" አለችው። ሁለት ጊዜ ጀምሮ ካቋረጠ በኋላ "እመጣለሁ" አላት።

ሰልፉ እየሳሳ ሲሄድ፣ በሐሙስ ሞገዳቸው ላይ የነበረው መቀበያ በድንገት ጮኸ። የማርሊስ የሬዲዮ መጠሪያ ፊደሎች ነበሩ፤ በመጨረሻም ያቺ የተጎተተች ምት።

ኦርቪል ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ምቱን ወደ ቃል ይመልስ ጀመር። "መኪናዬ እምቢ አለችኝ። ከቤት አልወጣሁም። ይቅርታ። እንዴት ትሰሚኛለሽ?"

ማርሊስ ለመመለስ እጇን ስትዘረጋ ግን ዓይኗ የምልክቱን ጉልበት በምታሳየው የመቀበያው ጠቋሚ ቀስት ላይ አረፈ። የታውኖ ምልክት ሐይቁን አቋርጦ ሲደርስ ሁልጊዜ እንደ በሽተኛ ትንፋሽ የደከመ ነበር፤ ቀስቷን ከመሀል አሳልፏት አያውቅም። አሁን በእያንዳንዱ ምት እስከ ጥግ እየሄደች ስትጋጭ ነበር። ከወጥ ቤቱም ተመራማሪዋ ጮኸች፤

"እናንተ እላይ ያላችሁ! ማይክራፎኔ ውስጥ ጫጩት አስገባችሁ እንዴ?"

"ማይክራፎን የሚያስጮኸው ከቅርብ የሚላክ ሬዲዮ ነው፤ ታውኖ እዚህ ነው" አለች ማርሊስ ቀስ ብላ። "መኪናው ውስጥ ሆኖ ነው የሚመታው። ወደቡ ላይ ነው ያለው።"

ኦርቪል በክቡ መስኮት ወደ መኪና ማቆሚያው ተመለከተ። በዝናቡ ውስጥ መኪኖቹ ሁሉ አንድ መስለዋል። "ፈርቶ ነዋ" አለ። "ያን ሁሉ መንገድ ነድቶ የመርከቧ መወጣጫ ከበደው።"

በሬዲዮ ሰዎች ዘንድ "እንዴት ትሰሚኛለሽ?" ለሚለው ጥያቄ መልሱ ቁጥር ነው፤ ከአንድ እስከ ዘጠኝ፤ ዘጠኝ ከሁሉ የጠነከረው ነው። ለታውኖ የምትሰጠው ሦስት ነበር፤ አየሩ ከጠራ አራት። ዘጠኝ ካለችው ውሸቱ እንደተነቃበት ወዲያው ያውቃል።

"ሦስት በይው" አለ ኦርቪል። ቀልዱ ከፊቱ ጠፍቷል። "አታሳፍሪው። ሹልክ ብሎ ቤቱ ይግባ፤ በሚቀጥለው ሐሙስ እንደ ድሯችሁ ትጫወታላችሁ። ካፈረ ግን አይመለስም፣ ማርሊስ። እንዲህ ያለውን ሰው አውቀዋለሁ፤ እኔም እንደሱ ነኝ።"

እውነቱን ነው። ሐሙስ የሌለበት ሳምንት ምን እንደሚመስል አሰበች። ከዚያ ደግሞ ከእያንዳንዱ ሐሙስ በኋላ ብቻዋን የነጋባትን ዓርብ አሰበች።

መምቻውን ያዘችና ዘጠኝ ብላ መታች።

ቀስቷ ከታች እንደወደቀች ቀረች፤ ከመቀበያው የሚሰማው የሞገዱ ሿሿታ ብቻ ሆነ። ማርሊስ ተነሥታ ካፖርቷን መልበስ ጀመረች።

"ወዴት ነው?" አለ ኦርቪል። "ቢመልስስ?"

"ማርሊስ በሬዲዮ አትሰማህም፤ እየመጣች ነው በለው" አለችና አንዱን እጅጌ እየታገለች ወደ መወጣጫው ወረደች።