ወደ ጠርሙሱ የተመለሰው አውራ ጣት

ሁለቱ እህትማማቾች ካርድ የሚሠሩት በትልቋ ቤት የፊት ክፍል ውስጥ ነበር። ክፍል ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ጠረጴዛው ገብቶ ሁለት ሰው ከተቀመጠ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው። የሠርግ ጥሪ፣ የልደት፣ የ«እንኳን ማርያም ማረችሽ»፣ የምረቃ፣ ሁሉም እዚያች ጠረጴዛ ላይ በእጅ ይሠራል። ትልቋ ማኅተሙን ከጎማ ትቀርጻለች፣ ወረቀቱን ትቆርጣለች፣ ደንበኛ ታነጋግራለች። አፏ ከመቀሷ የባሰ ነው። ሆዷ ውስጥ ምንም የላትም፤ ግን ያሰበችውን ሳትናገር ካደረች እንቅልፍ አይወስዳትም።

ታናሿን ሰፈሩ ሁሉ የሚጢጢ እናት ነው የሚላት፤ ከልጇ ጋር እዚያው ቤት ትኖራለች። የማሳበጡ ሥራ የእሷ ነው። ማኅተሙን ውሃ በሚመስል፣ ቶሎ በማይደርቅ ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ ትጫናለች። እርጥብ እንዳለ የወርቅ ዱቄት ትነሰንስበታለች፤ ዱቄቱ የሚይዘው እርጥቡን ብቻ ነው። የተረፈውን መታ መታ አድርጋ ወደ ጠርሙሱ ትመልሳለች። ከዚያ ከፀጉር ፎን የባሰ ትኩስ አየር በሚተፋ መሣሪያ ስታሞቀው ዱቄቱ ይቀልጥና ያብጣል። አንዴ ካበጠና ከበረደ በጥፍር ቢቧጥጡትም አይነሳም። ሳይሞቅ የቀረውን ግን እፍ ቢሉት ይሄዳል።

ግድግዳው ላይ ሰባት ትናንሽ ካርዶች ተሰቅለዋል። ሚጢጢ አንድ ዓመት ከሞላት ጀምሮ እናቷ በየልደቷ አውራ ጣቷን በዚያ ቀለም ነክራ ካርድ ላይ ታሳርፋታለች፤ ወርቅ ነስንሳ ታሳብጠዋለች። የመጀመሪያው አሻራ የአተር ፍሬ አይሞላም። ከአራተኛው ጀምሮ መሀሉን ሰያፍ የሚያቋርጥ መስመር አለው። ሦስት ዓመቷን ካለፈች በኋላ የአክስቷን መቀስ ነክታ የተቆረጠችበት ጠባሳ ነው።

ዘንድሮ ስምንት ትሞላለች፤ ልደቷ ግን ገና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የልጅቷ ልብ ላይ ቀዳዳ አለ። ሐኪሞቹ ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ቀጥረዋታል፤ ደረቷ ሊከፈት ነው። እናቲቱ ቀጠሮውን ከሰማች ጀምሮ ምግብ አልወርድ ብሏታል። ከሐሙስ ማዶ ያለው ቀን ሁሉ አልታይ ብሏታል። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት፣ ልደቷ ሳይደርስ፣ ልጅቷን ጠረጴዛው አጠገብ አቁማ አውራ ጣቷን አሳረፈች። ወርቁን ነሰነሰች። አሻራው ቁልጭ ብሎ ወጣ።

«ምነው?» አለች ትልቋ ከመቀሷ ቀና ሳትል። «ልጅቷን ልትሸኚ ነው እንዴ ከአሁኑ?»

እናቲቱ ወሽመጧ ብጥስ አለ። እውነቷን ነው፤ ሌላ ምን ልታደርግ ነበር? በራሷ አፈረች፣ እንባዋ መጣ፣ መሣሪያውን ማብራት አቃታት። ልጅቷ እንዳታያት ፊቷን አዙራ ካርዱን አነሳች፤ ከጀርባው መታ መታ፣ በብሩሽ ጠረግ ጠረግ፤ ወርቁን ሁሉ ወደ ጠርሙሱ መለሰችው። እጅ የለመደውን ነው የሚያደርገው። የተረፈ ዱቄት እንጂ አሻራ ወደ ጠርሙስ እንደማይመለስ ማን ያስብ ነበር?

ቅዳሜ የሠርግ ጥሪ ጀመሩ። ታናሿ የአበባውን ማኅተም ተጫነች፣ ወርቁን ነሰነሰች፣ የተረፈውን መለሰች። ካርዱ ጥግ ላይ አበባ ያልሆነ ነገር ቀረ። አውራ ጣት ነው፤ መሀሉን ሰያፍ መስመር ያቋርጠዋል።

«አንቺ ሚጢጢ! ወረቀቱን ነክተሻል?»

«አልነካሁም እማዬ። ከአልጋ እኮ አልተነሳሁም።»

እንዲህ ያለ ነገር አዲስ አይደለም። የጣት ወዝ ወረቀት ላይ ካለ ወርቁ ይይዘዋል፤ ለዚያ ነው ወረቀቱ አስቀድሞ ወዝ የሚያደርቅ የታልክ ዱቄት በያዘ ከረጢት የሚጠረገው። ስለዚህ አዲስ እሽግ ቀደደች፣ እያንዳንዱን ወረቀት በታልክ ጠረገች፣ ደግማ ነሰነሰች። አውራ ጣቱ አሁንም እዚያው ጥግ ላይ ወጣ። በሁሉም ካርድ ላይ!

«እጅሽን ታጠቢ» አለች ትልቋ።

«የኔ ጣት ይህን ያክላል?»

«እንግዲያው ጥጉን እቆርጠዋለሁ። ሙሽሮቹ ጥግ አይደለም የሚያገቡት።»

ትልቋ ቆረጠች። ታናሿ የተቆረጡትን ጥጎች አንድ በአንድ ኪሷ ውስጥ ከተተች። ለምን እንደሆነ እሷም አላወቀችም፤ መጣል ግን ሆዷ እምቢ አላት።

ሰኞ ጠዋት ጥቂት ካርድ ከሠሩ በኋላ ታናሿ የተቆረጡትን ጥጎች ግድግዳው ላይ ካሉት ካርዶች ጋር አስተያየቻቸው። የቅዳሜው ከሰባተኛው ካርድ ትንሽ ይበልጣል። የሰኞው ከአምስተኛው ጋር እኩል ነው። ሚጢጢ በዚያው ጠዋት ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት ስትሄድ ሁለቴ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ዓርብ ዕለት እኮ ደረጃውን ብቻዋን ወርዳ ነበር።

ያኔ ነው የገባት። ልጇን በእጇ ጠርሙስ ውስጥ ጨምራታለች። ከዚያ ጠርሙስ በተነሰነሰ ቁጥር ልጅቷ ከካርዱ ጋር ትሄዳለች።

ጠርሙሱን ጨርቅ ጠቅልላ መደርደሪያው ላይ ከወረቀቶቹ ጀርባ ደበቀችው። ለእህቷ ምን ብላ ትንገራት? ለራሷም ጮክ ብላ ማለት አልቻለችም። ማክሰኞ ልጅቷን ለደም ምርመራ ይዛ ሄደች፤ ስትመለስ የሠርጉ ጥሪ ተሠርቶ አልቆ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል።

«እህት ማለት እንዲህ ናት!» አለች ትልቋ፣ ጣቶቿ ወርቅ በወርቅ ሆነው። «አንቺ ሐኪም ቤት ስትንከራተቺ እኔ ጨረስኩልሽ። ደግሞ ምን ነክቶሽ ነው ዱቄቱን እንደ ሌባ ዕቃ የደበቅሽው?»

ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ለአንድ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። እናቲቱ የመጨረሻውን ካርድ አነሳች። ጥጉ ላይ ያለው አሻራ የባቄላ ፍሬ ያክላል። ጠባሳ የለውም።

ካርዱን እንደያዘች ተቀመጠች። ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ ከዓርብ እስከ ማክሰኞ፣ አንድም ሳታስቀር። ትልቋ መጀመሪያ ልትስቅ አፏን ከፈተች። ግድግዳውን አየች። ካርዱን አየች። ከጓዳ የልጅቷ ትንፋሽ ይሰማል፤ አጭር፣ ፈጣን ነው። መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ የጨረስኳት» አለች በመጨረሻ።

«አታውቂም ነበር እትዬ።»

ረቡዕ ቀን ላይ ልጅቷ ሆስፒታል መተኛት አለባት። ጠዋት እናቲቱ ጠርሙሱን ከፍታ በመስኮቱ ብርሃን አየችው። የቀረው ከታች እንደ አቧራ የተለጠፈ ብቻ ነው። ረጅም ሰዓት ካየችው በኋላ ንጹሕ ወረቀት አወጣችና የራሷን አውራ ጣት ቀለሙ ውስጥ ነከረች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ትልቋ።

«ልጄ በምን ገባች? ሳይሞቅ ተመልሳ አይደል? እኔም እገባለሁ፤ የጎደለባትን በእኔ እሞላለሁ።»

«አብደሻል! ጠርሙሱ ምን እንደሚያደርግሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ያድርገኝ።»

አውራ ጣቷን አሳረፈች፣ ያንን አቧራ ነሰነሰችበት፣ ሳታሞቅ በብሩሽ ጠርጋ መለሰችው። ጠርሙሱ ውስጥ ወርቁ የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ከፍ አለ። ትልቋ አፏን በእጇ ያዘች። አመልካች ጣት። የመሀል ጣት። የቀለበት ጣት። አሥሩንም ስትጨርስ ወርቁ እስከ ጠርሙሱ አንገት ሞልቶ ነበር። የጣቶቿ ጫፍ ደነዘዘባት፤ ፍርሃት ነው ብላ ተወችው።

ከዚያ ማንም ያልነካው ወረቀት በመቆንጠጫ ከእሽጉ አወጣች። በታልክ ጠረገችው። ምንም ማኅተም ሳታሳርፍበት ጠርሙሱን ሙሉ ገለበጠችበት። የተረፈውን ስታራግፍ መሀሉ ላይ አውራ ጣት ቀረ፤ የስምንት ዓመት ልጅ አውራ ጣት፣ ከነጠባሳው።

«አሙቂው!» ጮኸች ትልቋ። «ምን ትጠብቂያለሽ፣ አሙቂው!»

አሞቀችው። ወርቁ ፈሰሰ፣ አበጠ፣ በረደ። ትልቋ በጥፍሯ ቧጠጠችው። አልተነሳም። ተቃቅፈው አለቀሱ።

ሐሙስ ሁለቱ የሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀመጡ። ቀዶ ሐኪሙ ወጥቶ ጭምብሉን ሲያወርድ ገና ሳይናገር ፊቱን አይተው አወቁ። ተሳክቷል። ቀዳዳው ተደፍኗል፤ ልቧ እንደ ሰዓት ትመታለች። ትልቋ ሐኪሙን አንገቱን አቅፋ ሳመችው፤ ሰውዬው ደንግጦ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

ማምሻው ላይ ልጅቷ ነቃች። ዓይኗን በግማሽ ገለጠች።

«እማዬ?»

«አለሁ የኔ ዓለም። ይኸው እጅሽን ይዤሻለሁ።»

ልጅቷ ቅንድቧን ቋጠረች። «አልያዝሽኝም።»

እናቲቱ ጠበቅ አደረገቻት። የልጅቷ እጅ በሁለት መዳፎቿ መሀል ነው።

«ማደንዘዣው አልለቀቃትም» አለች ነርሷ፣ የልጅቷን ሌላ እጅ አንስታ የልብ ምቷን ስትቆጥር።

«እጅሽ ይቀዘቅዛል» አለቻት ሚጢጢ ለነርሷ። አክስቷ ከአልጋው ግርጌ እግሯን ዳበስ ስታደርጋት ደግሞ በደካማ ድምፅ ሳቀች፤ «አክስቴ ተይ፣ አትኮርኩሪኝ።» ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። ዓይኖቿ እንባ ሞሉ። «እማዬ፣ ሁሉም ይነኩኛል። አንቺ ለምንድን ነው የማትይዢኝ?»

እናቲቱ ግንባሯን ዳሰሰቻት። ፀጉሯን ወደ ኋላ መለሰችላት። ጉንጯን በሁለት እጇ ያዘችላት። ልጅቷ እስክትነካት እያያቻት ጠበቀች።

ትልቋ የእህቷን ጣቶች አየች። ጫፋቸው ላይ መስመር የሚባል ነገር የለም፤ ልሙጥ ናቸው።

«እትዬ» አለች የሚጢጢ እናት በዝግታ፣ «ነይ አንቺ ያዥልኝ።»

ከወንበሩ ተነሥታ ቦታ ለቀቀች። ትልቋ ቁጭ ብላ የልጅቷን እጅ በእጇ አደረገች። ሚጢጢም የአክስቷን አውራ ጣት ጨብጣ፣ ትንፋሿ ረጋ ብሎ፣ ተኛች።