በግራ እጅ የተጠመጠመ ክር

ክሩ በተቃራኒው መጠምጠሙን ያየሁት ሚስተር ፕሪንግል ዱላውን ገዝተው ከሱቁ ሲወጡ ነው። ልጄ ኒኒያን የጎልፍ ዱላ ሲሠራ፣ ጭንቅላቱና ዘንጉ የሚጋጠሙበትን ቦታ ዝፍት በተቀባ ክር ወደ ቀኝ ነበር የሚጠመጥመው። ይሄኛው ወደ ግራ ዞሯል። እህቱ ኤፊ ግራኝ ናት።

ኒኒያን በጎልፍ የሚተዳደር ሰው ነበር፤ ይወዳደራል፣ ያስተምራል፣ ዱላ ይሠራል። በእኛ በፋይፍ ባሕር ዳርቻ እንደ እሱ አርቆ የሚመታ አልነበረም። ሲዘምት የሱቁ ባለቤት የሆነው የጎልፍ ክበብ ሱቁን የተወልን፣ እሱ ሠርቶ ያስቀመጣቸው ዱላዎች አሉ ስላልን ነው። እነሱ በስድስት ወር አለቁ። ከዚያ ወዲህ ኤፊ እየሠራች የወንድሟን ስም በብረት ማኅተም ትመታባቸዋለች። ሚስተር ፕሪንግል ደግሞ የክበቡ ሊቀመንበር ናቸው። ሱቁን ሊቀሙን ነው ብዬ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም።

ሐሙስ ኒኒያን ለዕረፍት ፈቃድ ከፈረንሳይ ግንባር መጣ። ነገርኩት፤ ሳቀ።

«እማዬ፣ መድፍ እንኳ እንዲህ አላስፈራኝም!»

«ሳቅ አንተ! ሜዳ ላይ ስንወድቅም ትስቃለህ።»

አንዱን ዱላ አንስቶ ዳሰሰው። «ኤፊ፣ በለጥሽኝ እኮ።»

«ድሮም እበልጥህ ነበር። እንዳይከፋህ ደብቀውብህ ነው።»

አመሻሹ ላይ ሚስተር ፕሪንግል ዱላቸውን ይዘው ገቡ።

«ኒኒያን፣ ይህን ፈረንሳይ ሆነህ ነው የሠራኸው?»

እኔ ውሸት ሳዘጋጅ እሱ ቀደመኝ። «አይደለም ጌታዬ። እህቴ ናት።»

«ሃያ ዓመት ኳሴን ሲውጥ የኖረውን ጅረት ዛሬ በዚህ ዱላ ተሻገርኩት። ሌላ ሁለት ትሥራልኝ። ግን የራሷን ስም ትምታበት፤ በሰው ስም አልገዛም።»

«ሱቁስ?» አልኩ።

«አንተ እስክትመለስ እህትህ ትያዘው» አሉ ወደ ኒኒያን ዞረው።

«ካልተመለስኩስ?» አለ ኒኒያን። አሁን አልሳቀም።

ሚስተር ፕሪንግል ኮፍያቸውን አወለቁ። «ያኔም የእሷ ነው። ቃሌ ነው።» እጁን ጨበጡት።

ኒኒያን በሚያዝያ ግንባር ላይ ተገደለ። ሊቀመንበሩ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ኤፊ ዛሬም እዚያው ትሠራለች። በዚያ ሐሙስ ማታ ግን ልጆቼ ሁለቱም አጠገቤ ነበሩ። ኒኒያን የእህቱን ስም በአዲስ የማኅተም ብረት ላይ ሲቀርጽ አመሸ፤ እሷ ፊደሉ ተንጋደደ እያለች ትነዘንዘዋለች፤ እኔ የተጠበሰ ዓሣ በወጉ በላሁ። ሲጨርስ መብራቱን አጠፋ፤ ሦስታችንም ወጣንና በሩን ቆለፈው።