የቀለለው መቅረዝ

ቢሶ መኒኬ መቅረዙን ከጥግ ልትጎትት ወገቧን አሰረች፤ ሳብ ስታደርገው ግን ከመሬት ተነስቶ እጇ ላይ ቀረ። ባሏ በሕይወት ሳለ ይህን ደረቷ ድረስ የሚደርስ የናስ መቅረዝ ሁለት ወንዶች ነበሩ እያቃሰቱ የሚያነሱት። ዛሬ እሷ፣ ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት፣ በአንድ እጇ አነሳችው።

ሁመር የተባለውን ኮምጣጣ ፍሬ በውሃ በጥብጣ እግሩን አሸችው። ናስ በሁመር ሲታሽ ውሃው ይጠቁራል፤ ይህኛው ግን ቫርኒሽ ተቀብቶ ኖሮ ውሃው እንደነበረ ቀረ። ለካ ትናንት ከእህቷ ቤት ስትመለስ ልጇና ምራቷ "ለበዓሉ ወልውለን ጠበቅንሽ" ያሏት ለዚህ ኖሯል! የጥንቱ ይሄኔ የአንዱ ሆቴል ሳሎን ማስጌጫ ሆኗል።

ጥርጣሬዋ የሚያርፍበት አላጣም። ቤት የቀሩት አንድያ ልጇ ጃናካና ሚስቱ ዲልሩክሺ ናቸው። ልጅ የእናቱን ቤት አይሰርቅም። ምራት ግን ያው ባዳ ናት፤ ያውም ከወደብ ከተማ የመጣች፣ "ይሄ መቅረዝ ቤቱን አጣበበው" ስትል የከረመች።

የሙሉ ጨረቃ ቀን ነው። መቅረዙ ቤተ መቅደስ ሄዶ በቡድሃ ፊት ሊበራ፣ ትሩፋቱም ከሞተ ዓመት ለሞላው ባሏ ሊደርስ ነበር። በውሸት ከተሰጠ ስጦታ ለሙት ምን ይደርሰዋል?

"አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ!"

ዲልሩክሺ ነጭ ለብሳ፣ የሎተስ አበባ በሳህን ይዛ መጣች።

"መቅረዜ የት ገባ?"

"ይኸው ፊትዎ ቆሟል እኮ፣ እናቴ።"

"አትቀልጂብኝ! ይሄ ቆርቆሮ ነው። የኔን የት አደረስሽው?"

ጃናካ በሩ ላይ ብቅ አለ። ዲልሩክሺ ቀና ብላ አየችው። እሱ ሸሚዙን መቆለፍ ያዘ።

"እማዬ፣ በዚህ ቀን ደግሞ ጭቅጭቅ..."

"አንተን ማን ጠየቀህ?"

ዲልሩክሺ ሳህኑን አስቀመጠች። "እኔ ነኝ የሸጥኩት" አለች ዝግ ባለ ድምፅ። "ካንዲ ከተማ ወስጄ፣ ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ።"

"አላልኩም! በምን ወሰድሽው?"

"በአውቶቡስ። ጭኔ ላይ አድርጌ።"

ቢሶ መኒኬ ልትሰድባት አፏን ከፈተች፤ ግን የሰማችውን ልብ አለች። ጭኔ ላይ! ያን የሚያህል ናስ? ይህች ልጅ መቅረዙን አንድ ቀን እንኳ አንስታ አታውቅም። ያነሳው ሰው በባጃጅ ይጭነዋል እንጂ ጭኑ ላይ አያስቀምጠውም። ዞራ ባለባጃጁን ልጇን አየችው። አንገቱን ደፍቷል። ከትናንት ጀምሮ ሰፈሩን የሚያናውጠው አዲሱ የባጃጁ ድምፅ ማጉያ ትዝ አላት። አፈረች፤ በልጇ ብቻ ሳይሆን በራሷም።

ይሄኔ የባሏ ወንድም ቲኪሪ ባንዳ ዘመዶቹን አስከትሎ ገባ።

"ኧረ መቅረዙን ማን ያግዘኛል? ወገቤን እንደሆነ ዘንድሮ አላምነውም!"

ሁሉም ሳቁ።

"ተወው ወንድሜ፣ እሱ አይሄድም" አለች ቢሶ መኒኬ። "የሸክላ መብራት ይዘን እንሄዳለን።"

"ምነው? ያን ያህል ተወርቶለት?"

"እዚሁ ይቁም። ለቤት ጌጥ ይበቃል።"

ቲኪሪ ባንዳ ግራ ተጋብቶ ጃናካን አየ። ጃናካ ቀድሟቸው ወጣ።

ቤተ መቅደሱ ደርሰው የሸክላ መብራቶቹን ደረደሩ፤ የኮኮናት ዘይትም ሞሉባቸው። መነኩሴው ጧፉን ለቢሶ መኒኬ ሰጧት። በእነሱ ቤት የመጀመሪያውን ክር የሚያበራው የሟች ወንድ ልጅ ነው፤ ጃናካም እጁን ዘረጋ። ዘመድ ሁሉ እያየ አለፈችው። ጧፉን ዲልሩክሺ እጅ ላይ አኖረችው።

"አንቺ አብሪለት፣ ልጄ።"