መርፌ የተወችው ልጅ

ሽፈራው የሚባለው ቅጠል ከተማውን ባጥለቀለቀበት ዓመት፣ የጋሼ ውብሸትን ሱቅ የማያውቅ የስኳር ሕመምተኛ መርካቶ ውስጥ አልነበረም። በጆንያ የሚመጣለትን ቅጠል ያስፈጫል፣ ጥቁር አዝሙድና አብሽ ይቀላቅልበታል፣ በላስቲክ አሽጎ ይሸጣል። ላስቲኩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «የምግብ ማሟያ» ይላል፤ ከዚያ ያለፈ አንድ ቃል የለበትም። ፈቃድ ሲያወጣ በደንብ ነግረውታል። «ያድናል» ብሎ ከጻፈ መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ምርመራው፣ ማስረጃው፣ ዓመት የሚፈጀው ምልልስ አለ። ምግብ ከሆነ ግን ንጽሕናውንና እርጥበቱን አይተው ያልፉታል።

ስለዚህ ውብሸት ያድናል ብሎ አልጻፈም። በአፉም ብሎ አያውቅም። ገዢ ሲጠይቀው እጁን ወደ በሩ ይዘረጋና «እኔ ነጋዴ ምን አውቃለሁ? ያቻትና ልጅቷ፣ እሷን ጠይቋት» ይላል።

ልጅቷ ሱቁ ውስጥ የምትሠራው የፋንታዬ ልጅ ሎዛ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከነዩኒፎርሟ በሩ ላይ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። «ስኳር ነበረብኝ። ይኼን መጠጣት ከጀመርኩ መርፌ ትቻለሁ» ትላለች። ጉንጯ ሞላ፣ ዓይኗ ጠራ ያለ ነው። ሰው አይቷት ያምናል።

መርፌዋ ከመጋረጃው ጀርባ ባለው ፍሪጅ ውስጥ፣ ከለስላሳው ጠርሙስ ኋላ ነው። ፋንታዬ ቤት ፍሪጅ የለም። ኢንሱሊኑን የሚያመጣውም የሚያስቀምጠውም ውብሸት ነው፤ እሷ ዱቄት ትነፋለች፣ ታሽጋለች፣ ጠዋትና ማታ መጋረጃውን ገልጣ ልጇን ትወጋለች። ስምምነታቸው ይኼ ነበር።

ፋንታዬ ክፉ ክፉው ቀድሞ የሚታያት ሴት ናት። አምቡላንስ ሲጮህ ሎዛን የጫነ ይመስላታል። መብራት ሲጠፋ ቀድማ የምታስበው ፍሪጁን ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት ቶላ መጣ። አትክልት ተራ ሽንኩርት የሚሸከም ሰው ነው፤ ትንሿ ልጁ ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ገና ብዙ አልቆየም። ሎዛን እስክትጨርስ አዳመጣትና ወደ ውስጥ ዘለቀ።

«ልጅ የተባለችውን ትላለች» አለ። «እትዬ፣ እናቷ እርስዎ ነዎት አሉኝ። እውነት ትታለች?»

ውብሸት ፍሪጁን ከፍቶ ለስላሳ እንደሚመርጥ ሰው ቆመ። በሩን አልዘጋውም።

«ትታለች» አለች ፋንታዬ።

«ትሙት ይበሉኝ።»

ፋንታዬ ወንፊቱን አስቀመጠች። እሷ ስለ ልጇ ሞት እንኳን በአፏ፣ በሐሳቧም ሲመጣባት አማትባ የምታባርር ሴት ነበረች።

«ሎዛ ትሙት» አለች።

ቶላ ዱቄቱን ገዝቶ ሄደ። ውብሸት የፍሪጁን በር ዘጋና «ጎበዝ» አላት።

በማግስቱ ጠዋት ተቆጣጣሪዎች ጎረቤት ሱቅ ገቡ ተባለ። ውብሸት ብልቃጦቹን በፌስታል ጠቅልሎ ወጣ። «እዚህ ቤት መርፌ ከተገኘ አለቀልን» ብሎ ማዶ ላለው ሥጋ ቤት ሰጥቶ ተመለሰ።

ወደ እነሱ የመጣችው ተቆጣጣሪ ሳምራዊት የምትባል ደከም ያላት ወጣት ናት። ወንፊቱን አየች፣ ዱቄቱን በጣቷ አሸት አሸት አደረገች።

«ለምን በሽታ ነው የምትሸጡት?»

«ኧረ ምግብ ነው፣ እመቤት! ወረቀቱን ያንብቡት እንጂ» አለ ውብሸት።

ወደ ፋንታዬ ዞረች። «ሰው ሲጠይቅዎትስ ምን ይላሉ?»

«ምግብ ነው እንላለን።»

ሳምራዊት ቆይታ አየቻት። «የሚወራውን ሰምቼ ነበር የመጣሁት» አለች። «ግን ወሬን ናሙና ብዬ አልወስደውም።» ጥቂት እሽግ ዱቄት ወሰደች። ለንጽሕናችሁ ምስጋና ይገባችኋል ብላም ሄደች።

ማታ ውብሸት ብልቃጦቹን ሲመልሳቸው እንደ ጠጠር ደርቀው ነበር። ሥጋ ቤቱ ከሥጋው ጋር በረዶ ቤት ከቷቸው ኖሯል።

«ጋሼ ውብሸት፣ ምን አደረጉኝ! በረዶ ከነካው ውሃ ነው ብላኛለች እኮ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር!»

«ቅዝቃዜ አይደል እንዴ የሚወደው? ይቅለጥና ውጊያት።»

«ሌላ ይግዙልኝ።»

«ጠፍቷል አሉ፤ መርከብ ላይ ነው።» ኮቱን ለበሰና ሳቅ አለ። «እስከዚያ ዱቄቱን ስጫት።»

የቀለጠውን ወጋቻት፤ ምንም አልሠራም። ፋንታዬ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞረች። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ላካት፤ ሆስፒታሉ መድኃኒቱን ከውጭ ፈልገሽ አምጪ አላት። ሎዛ ውሃ ጠጥታ የማትረካ ሆነች፤ ትንፋሿ የበሰበሰ ፍሬ ይሸት ጀመር። ፋንታዬ የማለችው መሐላ ደረሰ አለች በልቧ። ውብሸት ልጅቷን ገዢ እንዳያያት ከመጋረጃው ጀርባ ጆንያ ላይ አስተኛት።

ቶላ ተመልሶ የመጣው ያን ዕለት ነው፣ እየሳቀ። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«እትዬ፣ ልጄ መርፌውን ተወች! ከተወች ወዲህ ስትጫወት ነው የምትውለው፤ የሚያስለቅሳት የለ። ይኼ ተርፎ ነው። ገንቦ ሥር በእርጥብ አሸዋ ነበር የማኖረው፤ አልተበላሸም።» ጨርቁን ፈታው። ሁለት ብልቃጥ፣ አንዱ ያልተነካ። «ምን አለሽ ተራ ብወስደው ‹ጠርሙስ ባዶውን ነው የምንገዛ፣ ሙሉውን ምን እናድርገው› ብለው ሳቁብኝ። እርስዎ ለቸገረው ሰው ይስጡልኝ።»

ፋንታዬ ብልቃጡን ዳሰሰችው። ቀዝቃዛ ነበር። መልሰህ ልጅህን ውጋት፣ ይኸው ነበር የሚባለው፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«እማ፣ ውሃ» የሚል ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ መጣ።

«ማናት?» አለ ቶላ።

«የጎረቤት ልጅ ናት። ጉንፋን ይዟት ነው።» ብልቃጦቹን ከነጨርቁ ወሰደች። «እግዜር ይስጥህ።»

እሱ ከበሩ ሳይርቅ ሎዛን ወጋቻት። ሲነጋ ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች፣ ሾርባ ጠየቀች። ውብሸት አይቷት «አላልኩሽም?» አለና በርጩማውን ወደ በሩ መለሰው። ሎዛ ገና ፊቷ እንደገረጣ ወጥታ ተቀመጠች። መድኃኒቱ ከየት መጣ ብላ አልጠየቀችም፤ ፋንታዬም አልነገረቻትም።

ከዚያ ወዲያ ቶላ አንዴ መጣ። አሁን አይስቅም።

«ልጄ ደከማት፣ እትዬ። ውሃ ውሃ ትላለች፣ ሆዷን ይቆርጣታል፣ ታስመልሳለች። ዱቄቱ ሲጀምር እንዲህ ያደርጋል?»

ውብሸት እንደ ልማዱ እጁን ወደ በሩ ዘረጋ። ሎዛ አፏን ከፈተችና እናቷን አየች።

ፋንታዬ ፍሪጁን አሰበች። ከጨርቁ ውስጥ የቀረው አንድ ብልቃጥ ነው። አሁን ሩጥና ሆስፒታል አድርሳት ብትለው፣ ያንን ብልቃጥ ይመልሱልኝ ይላል።

«አዎ፣ ያደርጋል» አለች። «ውስጧን ሲያጥብ ነው። መጠኑን ጨምርላት።»

የታሸገውን ሰጠችው። ከወንፊቱ ሥር ደግሞ አንድ ትልቅ ማንኪያ ሙሉ ዝቃ በጋዜጣ ጠቀለለችና ምራቂ ጨመረችለት።

ቶላ በሁለት እጁ ተቀበላት። «እርስዎ ባይኖሩ ምን እሆን ነበር! ልጅዎን ያሳድግልዎት።»

«አሜን» አለች ፋንታዬ።