የራጉኤል መንገድ ሙግት

ከማርያም ወደ ራጉኤል የሚወስደውን የእንጦጦን አሮጌ መንገድ አንድ ባለርስት አጠረው ሲባል፣ የእሪ በከንቱዋ ጥጥ ፈታይ የሺዓለም እንዝርቷን አስቀመጠች። ከተማው ገና ጋራው ላይ ሳለ የተወለደችው እዚያው ነው፤ አባቷም ራጉኤል ተቀብሯል።

«ሰውየው ሹም ወዳጅ አለው» አሏት ጎረቤቶቿ። «የእሪ በከንቱ ሰው ጮኾ ምን ሊያመጣ?»

«በከንቱ የሚጮኸው ሰፈሩ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!»

ነሐሴ ሃያ አንድ ቀን ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ፣ ቆሎዋን ቋጥራ ማልዳ ተነሳች። አብራት የወጣችው ረሂማ ብቻ ናት፤ ጊዮርጊስ አጠገብ ክር የምትሸጥ የወሎ ሴት።

«ምስክር ያስፈልግዎታል እትዬ» አለቻት። «እኔ ደግሞ እግሬም ምላሴም ደህና ነው።»

ዳገቱን በጭቃው እየተንሸራተቱ፣ ቆም እያሉ እየተነፈሱ ወጡት። ማርያም ደርሰው የሺዓለም ደጁን ከተሳለመች በኋላ በጋራው አናት ወደ ራጉኤል አቀኑ። ብዙም ሳይራመዱ የባሕር ዛፍ አጠና አጥር ገጠማቸው። ግደይ የሚባል ወጣት ዘበኛ ዱላውን አጋድሞ ቆመ።

«ተመለሱ እሜቴ፤ እዚህ መንገድ የለም።»

«በሕግ አምላክ!» አለች የሺዓለም።

ግደይ ክው አለ። በሕግ አምላክ ከተባለ ወዲያ ንቅንቅ ማለት ነውር ነው። እሷም የነጠላዋን ጫፍ ከኩታው ጫፍ ጋር ቋጠረችው፤ የዘመኑ ተሟጋች እንዲህ ተቆራኝቶ ነበር ዳኛ ፊት የሚቀርበው።

ከሱሉልታ ቅቤ ጭኖ የሚመጣ እሸቴ የሚባል ሽማግሌ ባላገር ሲደርስ፣ «ዳኝነት ይዩልን!» አሉት። በዚያ ዘመን ዳኝነት የተጠየቀ መንገደኛ እንቢ አይልም ነበር። በቅሎውን አሰረና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ደን ነው» አለ ግደይ።

«መንገድ ነው» አለች የሺዓለም። «እንሂድና ዳኛው በዓይናቸው ይዩት።»

እንደተቆራኙ አጥሩን ዘለው ሄዱ። ግደይ ፈጠን ሲል ነጠላዋ ይጎትታታል፤ እሷም መልሳ ትጎትተዋለች። ረሂማ ከኋላ ሳቋን አፈነች። ከሣሩ ሥር የበቅሎ ኮቴ የቦረቦረው ድንጋይ እስከ ራጉኤል ድረስ ተዘርግቷል። እሸቴ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ለካው።

«ይህን አንድ ዓመት አልቦረቦረውም» አለ። «ባለርስቱ ችሎት ቀርቦ እስኪያሸንፍ፣ መንገዱ ክፍት ይሁን።»

«ጌታዬ ያባርረኛል» አለ ግደይ።

የሺዓለም ወደ እሱ ዞረች። «ካባረረህ ቤቴ ና፤ እንጀራ አላጣልህም። አጠናውን ግን ትነቅላለህ።»

አጥሩ ጋ ሲመለሱ ነቀለው። እሸቴ በቅሎውን ነድቶ ወረደ፤ የሺዓለም፣ ረሂማና ግደይ ተመልሰው ራጉኤል ደጅ ቆሎውን ተካፈሉ። የየረርና የፉሪ ተራሮች ጠርተው ይታያሉ፤ አራዳ ከታች ጭስ ለብሳለች።

ባለርስቱ በሳምንቱ መልሶ አጠረ። የሺዓለምም መስከረም አንድ ቀን፣ ለራጉኤል ንግሥ፣ አርባ ሴቶች አስከትላ መጣች። ዘበኛው አዲስ ነበር፤ ጮኸ፣ ዛተ። ሴቶቹ እልል እያሉ አጠናውን አንድ በአንድ ነቅለው ለቤተ ክርስቲያኑ ማገዶ ተሸክመውት ሄዱ።