ቀንድ ያወጣው መስመር

ዱረቲ ሄሊኮፕተር በእጇ ነክታ አታውቅም፤ ሆኖም ሁለት ዓመት ሙሉ ነቀምቴ ላይ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ የክንፍና የነፋስ ጠብ ስትዳኝ ኖራለች። ጠቡ እንዲህ ነው። የሚሽከረከረው ክንፍ አየሩን ቀዝፎ ሲያልፍ ከጫፉ ትንሽ አዙሪት ጥሎ ይሄዳል። ሄሊኮፕተሩ ሽቅብ ሲወጣ አዙሪቱ ወደ ታች ይቀራል፤ ማንም ማንንም አይነካም። ለማረፍ ዝቅ ሲል ግን ተከታዩ ክንፍ ወንድሙ ከጣለው አዙሪት ጋር ይላተማል። ያኔ የአየሩን ግፊት በሚያሳየው የዱረቲ ግራፍ ላይ ለጥ ብሎ የመጣው መስመር ድንገት ቀጥ ብሎ ይቆማል።

የመመረቂያ ጥናቷ አማካሪ ዶክተር በኃይሉ ያንን ሹል ነገር "ቀንድ" ብለው ስም አወጡለት፤ ቁረጪውም አሏት። የስሌት ስህተት ነው፣ አየሩን የከፋፈልሽበት መረብ ስለሰፋ ነው አሉ። እውነት ሊሆን ስለሚችል አልተከራከረችም። መረቡን አጠበበች፤ መብራት እየሄደ፣ ስሌቱ መንገድ ላይ እየቀረ፣ እንደገና ከመጀመሪያው እያስነሳች ክረምቱን ፈጀች። ቀንዱ ግን አልጠፋም፤ እንዲያውም ባሰበት፣ ሾለ።

"እንግዲያው መስመሩን አለስልሺው" አሉ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ፈታኝ ቀንዱን ካየ ሥራውን ሁሉ ይጥለዋል፣ አንቺም ዘንድሮ አትመረቂም አሏት። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ፈርተው ነው። ዱረቲንም ያስጨነቃት ይኸው ፍርሃት ነው። እናቷ ዘርፈሽ ለምርቃቱ ከኑኑ ቁምባ ዘመድ ጠርታ ጨርሳለች። ቢሆንም ዱረቲ ያየችውን አላየሁም ልትል አልፈለገችም።

"ሸክሙን ለብቻሽ ትችዪዋለሽ" አሏት።

መጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ መለሰች፤ ቀጥላ፣ አልሰማሁም እንዳይሉ፣ በአማርኛ ደገመችው። "ላም ቀንዷ አይከብዳትም።"

በፈተናው ቀን ግራፉን ከነቀንዱ ግድግዳው ላይ አበራችው። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ፈታኙ ገና ሲያየው ፈገግ አለና ይህ ነገር ከኮምፒውተሯ ውጪ ስለመኖሩ ማስረጃዋን ጠየቃት።

ዱረቲ ስልኳን አውጥታ አንድ ድምፅ ከፈተች። ጉርምርምታው መጣ፤ ቀጥሎ ጧ ጧ ጧ። አዳራሹ ውስጥ የነበረው የከተማው ሰው ሁሉ ትከሻውን ሰበሰበ። ፈታኙ ብቻ ምን እንደሆኑ ግራ ገብቶት ያያቸዋል።

"ያን ክፉ ጊዜ ከመስኮት ሥር ሆኜ የቀዳሁት ነው" አለች። "የጦር ሄሊኮፕተሩ እያጉረመረመ ካለፈ ገበያችንን እንቀጥላለን። ጧ ጧ ማለት ከጀመረ ግን ሊያርፍ ነው፤ በሰፈራችን በበከኒሳ ቀሴ ሕፃኑም ሳይቀር ቤት ይገባል። ያ ድምፅ ይህ ቀንድ ነው፤ ክንፉ አዙሪቱን ሲመታው። እኔ አሰላሁት እንጂ አልፈጠርኩትም። አለስልሺው ማለት ይህን ሁሉ ሰው አልሰማህም በይው ማለት ነው። አላለሰልሰውም። ካልተመረቅሁም ይቅር።"

ፈታኙ ወደ አማካሪዋ ዞሮ በዚህ ይስማሙ እንደሆነ ጠየቃቸው። የዶክተር በኃይሉ እጅ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጦ እንደያዘ ነው፤ ድምፁ ሲጀምር ነበር የያዙት።

"ሰምቼዋለሁ" አሉ። "ይህ ድምፅ የመጣ ቀን ከቢሮው ሰው ሁሉ ቀድሜ ጠረጴዛ ሥር የገባሁት እኔ ነበርኩ።"