ለቅሶኛ የተቀመጠበት ዋንዛ

«ይኸን ብናነሣው ምን ይመስልሻል፣ ንግሥቴ?»

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ንጉሡ ይህን የጠየቁት በአናጢው ጓሮ፣ በቆርቆሮው ጥላ ሥር ከተደረደረው ጣውላ አጠገብ ቆመው ነው። አናጢው ባሏ ዋለ ከተቀበረ ገና ግማሽ ቀን አልሞላውም። የእድሩ አግዳሚዎች በዚያው ሰሞን ሌላ ለቅሶ ቤት ወጥተዋል። ድንኳኑ ጠቦ ሰዉ ግቢው ውስጥ ፈስሷል፤ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

ንግሥቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች ጣውላውን አየችው። ባሏ በሕይወት ቢኖር ሊቀመጡበት ይቅርና እጃቸውን ቢያሳርፉበት ግቢው ይቀወጥ ነበር። ይህን ከእሷ አብልጦ የሚያውቅ ሰው መካነ ሰላም ውስጥ የለም።

«አውጡት» አለች። «እንጨት አይደል?»

ጎረምሶቹ ከላይ የተጫኑትን ድንጋዮች አወረዱ። አየር እንዲያልፍ በየጣውላው መሐል የገቡትን ቀጫጭን በትሮች ወዲያ ወረወሩ። ጣውላዎቹን ከድንኳኑ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ፣ በድንጋይ አጋድመው አግዳሚ አደረጓቸውና ለቅሶኛው ተቀመጠ። የንግሥቴ ልብም፣ እግዜር ይቅር ይበላት፣ ትንሽ ቀለል አለው።

ሴት ለባሏ እያለቀሰች በባሏ ጣውላ ትበቀላለች ወይ? በቅናት ነድዳ የማታውቅ ሴት ካለች ትፍረድባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋለ ንግሥቴን ከማግባቱ በፊት አሰጋሽ የምትባል ሚስት ነበረችው። በወግዲ መንገድ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ በልጅነታቸው ጎጆ ወጥተው ነበር። ልጅ ሳይወልዱ ደርግ ዋለን ለጦር ወሰደው፤ ሞተ ተብሎም ተለቀሰለት። ኢሕአዴግ ገብቶ ጦሩ ሲበተን በእግሩ ቢመለስ አሰጋሽ ሌላ አግብታ ጠበቀችው። ዋለ አልከሰሰም፣ አልተጣላም። ወደ ከተማ ወጣና ከአንድ አናጢ ሥር ገብቶ መጋዝና መላጊያ ተማረ። ንግሥቴን አገባ፤ ዛሬ ጅዳ ያለችውን ምህረትን ወለዱ። ንግሥቴም ያንን የፊተኛውን ትዳር እንደ ቆላ ወባ ትቆጥረው ነበር፤ ስሙን ሰምታ ታውቃለች እንጂ ይዟት አያውቅም።

የያዛት ዋንዛው የመጣ ጊዜ ነው። የአሰጋሽ ሁለተኛ ባል ሞተና በማሳዋ ዳር የቆመውን ትልቁን ዋንዛ ልትሸጠው ነው ተባለ። ዋለ ወሬውን በሰማ በማግሥቱ ወደ ወግዲ ወረደ። ሃሩን ከሚባለው የእንጨት ነጋዴ ወዳጁ ጋር ዛፉን ጣሉት። ጉድጓድ ቆፍረው፣ ግንዱን ከላዩ አጋድመው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆነው በትልቁ መጋዝ ይሰነጥቁት ጀመር። ሥራው ሰነበተ፤ ዋለም እዚያው ሰነበተ። ለልብስ ቅያሪ ብቅ ሲል ንግሥቴ ደጃፉ ላይ ያዘችው።

«የት ነው የምታድረው?»

«ከሃሩን ዘመዶች ቤት፣ መስጊዱ አጠገብ።»

«ምሳስ ማን ያበላሃል?»

ዋለ መዋሸት አይችልበትም። «አሰጋሽ» አለ።

«አበጀች!»

«እንጨት ነው የገዛሁት፣ ንግሥቴ።»

ጣውላው በአይሱዙ ተጭኖ መጣ፤ ያልተላገ፣ ሻካራ፣ ጠርዙ ላይ ቅርፊቱ እንዳለ። ዋለ እንዳይሰነጠቅ ጫፍ ጫፉን በእበት መረገው። ከመሬት ከፍ አድርጎ በጥላ ደረደረውና ድንጋይ ጫነበት። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እህል ሳይቀምስ ጓሮ ገብቶ ያገላብጠዋል። በጣቱ ያንኳኳዋል፤ አፍንጫውን አስጠግቶም ያሸተዋል። እርጥበቱን ነበር የሚያሸተው። ንግሥቴ ግን የዚያችን ማሳ ነው የሚያሸት ብላ ከኩሽናው በር ላይ እያየችው ስንት ጊዜ ወጥ አሳርራለች።

«ለመሆኑ ምን ሊሆን ነው እሱ?» ትለዋለች።

«በእርጥብ እንጨት ቃል አይገባም» ይላታል። «የሚጣመመው ይጣመም፣ የሚሰነጠቀው ይሰንጠቅ። የተረፈውን ያን ጊዜ እናየዋለን።»

ይህ ለንግሥቴ መልስ አልነበረም። ለአሰጋሽ ነው፤ አልጋ ይሁን ቁምሳጥን የሆነ ነገር ሊሠራላት ነው ብላ በልቧ ፈረደች። ሁለት ክረምት አለፈ፣ ፍርዱም አብሮ ከረመ። በመጨረሻ ዋለን ሳንባውን አሞት አንድ ሳምንት ሳይሞላው ወሰደው። መልሱንም ይዞት ሄደ።

አሰጋሽ የደረሰችው በቀብሩ ማግሥት ረፋድ ላይ ነው። ረጅም ናት፤ ሽበቷ እንኳ ያምርባታል። ከበሩ ጀምራ እያለቀሰች ገባች። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላትና ጣውላው ላይ፣ የገዛ ዋንዛዋ ላይ፣ ተቀመጠች። ደረቷን እየደቃች እንዲህ አለች፦

«ያንን ወፍራም ዋንዛ ጥሎት ሲሄድ መጋዝ፣
እኔ ቁጭ አልኩበት ጉቶው ላይ ልተክዝ።»

ግቢው ተናወጠ። «ድገሚው! ድገሚው!» አሏት። ደገመችው። አልቅሰው የወጣላቸው ሴቶች እንደገና ጀመሩ፤ ሙሾ አውራጇ ሳትቀር አፏን ዘግታ አዳመጠች። ንግሥቴ ሙሾ አታውቅም። ከትናንት ጀምሮ «ዋልዬ፣ ዋልዬ» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልወጣትም። ባሏን በግጥም ተቀማች።

ጎረቤቷ አበቡ የንፍሮውን ሳህን እንደያዘች ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ኧረ የዚችስ! ማን ነው ባሏ የሞተባት?»

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» አለች ንግሥቴ በጥርሷ መሐል። «ንፍሮውን ለእሷ በመጨረሻ አድርሺላት።»

ከቀትር በኋላ ሃሩን ከወረኢሉ ገባ። መርዶው መንገድ ላይ ነው የደረሰው፤ ዓይኑ ቀልቷል። «አላህ ያጥናሽ። ሶብር ይስጥሽ፣ እህቴ» ብሎ አጠገቧ ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል ሊቀመጥበት ያለውን ነገር አየና ቀና አለ።

«ያ አላህ! ይኸን ማነው ያወጣው?»

«እኔ ነኝ።»

«ምነው ንግሥቴ! ላዩን ፀሐይ እየመታው፣ ሥሩን መሬት እያቀዘቀዘው? ደርቆ ሊደርስ እኮ ምንም አልቀረውም። አብሽሪ፣ አሁኑኑ ላስነሣቸውና ወደ ጥላው ልመልሰው።»

«ለቅሶኛ ከተቀመጠበት አይነሣም።»

«ይጣመማላ!»

«ይጣመም» አለች ንግሥቴ፣ ሴቶቹ ወደተቀመጡበት እያየች። «ይሰንጠቅ።»

ሃሩን የምታየውን ተከትሎ አየ። አሰጋሽን አወቃት፤ ነገሩም ገባው። ከዚያ ጣውላ ግማሹን በገዛ ላቡ ሰንጥቆታል፣ ነገር ግን ኀዘንተኛን ማን ይቆጣል? መሬት ላይ ጋቢውን አጥፎ ተቀመጠ። ጣውላው ላይ ግን አልተቀመጠም።

በሦስተኛው ቀን ሣልስቱ ወጥቶ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። ጋሽ ንጉሡ ስለ ዘንድሮው ገብስ እያወሩ ሳለ ከሥራቸው «ጧ!» የሚል ድምፅ ወጣ። ሽማግሌው ጥይት የተተኮሰ መስሏቸው ከነምርኩዛቸው ዘለሉ። ወንዶቹ ሳቃቸውን በጋቢ፣ ሴቶቹ በነጠላ አፈኑት። ትልቁ ጣውላ ከጫፉ እስከ ወገቡ ተሰንጥቆ ነበር።

ንግሥቴ አልሳቀችም። ዓይኗን ወደ ዋለ የሥራ ክፍል በር ወረወረች፤ የጣውላ ድምፅ ሰምቶ የማይወጣበት ቀን አልነበረምና። መላጊያውን በእጁ ይዞ፣ ጢሙ ላይ ፍቅፋቂ ተንጠልጥሎ፣ «ማነው የነካው?» እያለ ይወጣል። እሷም «እኔ ነኝ! ምን ታመጣለህ?» ትለዋለች። ከዚያ ይጣላሉ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዷ ውስጥ የከረመውን ሁሉ ትነግረዋለች። ለካ ጣውላውን ያስወጣችው ለዚህ ነበር። ለካ ወጥቶ እስኪቆጣት ድረስ ስትጠብቅ ነው የሰነበተችው።

በሩ እንደተዘጋ ቀረ። የሚቆጣት ሰው አልነበረም። ሲቀበር እያየች ያላመነችውን ሞት ያን ጊዜ አመነችው።

«ተነሡ!» አለች።

ለቅሶኛው እርስ በርሱ ተያየ። ኀዘንተኛ እንግዳዋን ከመቀመጫው ስታስነሣ በዚያ አገር ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም። አበቡ «ዛሯ ነው» ብላ አማተበች።

«ተነሡልኝ በማርያም! የዋለ ነው!»

መጀመሪያ የተነሣው ሃሩን ነው። ወንዶቹን እየጎተተ ወደ ድንኳኑ ወሰዳቸውና ሊያግዛት ዞር ሲል ቦታው ተይዞ አገኘው። ንግሥቴ የአንዱን ረጅም ጣውላ ጫፍ አንሥታ ስትንገዳገድ አሰጋሽ በወዲያኛው ጫፍ ጎንበስ ብላ ነበር።

«አንቺ ተዪው» አለች ንግሥቴ።

«ብቻሽን አትችይውም።»

እውነቷን ነው፤ አትችለውም። ተሸክመው ጓሮ ገቡ። አሰጋሽ ሁለተኛውን ጣውላ በመጀመሪያው ላይ እንዲሁ ልታጋድመው ስትል ንግሥቴ ጮኸችባት።

«እንደሱ አይደለም! ይሻግታል። መሐሉ በትር ይገባል። የላይኛው በትር ከታችኛው ትክክል ነው የሚውለው፤ ካለዚያ ይጎብጣል።»

አሰጋሽ በትሮቹን ከየወደቁበት ለቃቅማ እንደተባለችው አደረገች። «ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?»

«ማን ያስተምረኛል! እዚያ በር ላይ ቆሜ ስቀናበት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ!»

ቃሉ አምልጧት ወጣ። አሰጋሽ በትሩን እንደያዘች ቀና አለች።

«ትቀኚበት?» አለች። «እኔ ደሞ ይኸኔ አልጋ ሆኖላት ትተኛበታለች እያልኩ በጉቶው አጠገብ ማለፍ አቅቶኝ መንገድ ለወጥኩ። ትናንት ቤትሽ ገብቼ ዓይኔ ሲንከራተት የዋለው እሱን ፍለጋ ነው፤ ለካ ተቀምጬበት ኖሯል። እኔማ አንዲት የምቀመጥባት ዱካ ሥራልኝ ብዬው እንቢ አለኝ።»

«እንቢ አለሽ?»

«በእርጥብ እንጨት ቃል አይገባም አለኝ።»

ንግሥቴ ይህን ቃል ለእሷ ብቻ የሚላት ይመስላት ስለነበር በዚያ ሐዘኗ ላይ እንኳ ትንሽ ከፋት። ቢሆንም ደስ ያላት ነገር ይበልጥ ነበር። ይህች ሴት ወጣቱን ዋለ፣ ገበሬውን ዋለ ታውቃለች፤ አናጢውን ግን አታውቀውም። በትር አገባብ እንኳ አታውቅም።

«ምን ሊሆን እንደነበር ለኔም አልነገረኝ» አለቻት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ነይ፣ ያን የተሰነጠቀውን እናምጣ።»

የተሰነጠቀው ከሁሉ ይከብዳል፣ ከሁሉም ይሻክራል። ከሌሎቹ በላይ ሲያሳርፉት አንድ ወፍራም ስንጥር ንግሥቴ መዳፍ ውስጥ ጥልቅ ብሎ ገባ። «እፍ!» አለችና መዳፏን ገልብጣ ወደ ሥራ ክፍሉ በር ዘረጋች። «ዋልዬ፣ ና እስቲ አውጣልኝ።»

ማንም አልመጣም። እጇ እንደተዘረጋ ቀረ።

አሰጋሽ ነጠላዋን ያያዘችበትን መርፌ ቁልፍ ፈታች። የንግሥቴን እጅ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፤ ስንጥሩንም ከጫፉ ጀምራ ቀስ እያለች ትፈለቅቀው ጀመር።

«ያምሻል?»

«ያመኛል» አለች ንግሥቴ፣ መዳፏን ሳትሰበስብ።